ሊቲየም ሲገባ የሬጉሌተሩ ጉድ ይወጣል

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የሞተር ሳይክል ገጽ

ከጅማና ከአካባቢው ወረዳዎች የደረሱን ደብዳቤዎች በዚህ ጊዜ አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል፤ የአሲዱን ባትሪ አውጥተው ሊቲየም ያስገቡ ወይም ሊያስገቡ ያሰቡ ሞተረኞች ስለ ሬጉሌተር፣ ማለትም ሞተሩ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ቮልቱን ተቆጣጥሮ ወደ ባትሪው ስለሚያስገባው ዕቃ፣ ይጠይቃሉ። ተመሳሳዮቹን በአንድ አጣምረን መልሰናል። ለመልሶቹ የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ አንድ ዲጂታል ቴስተር ነው።

ጥያቄ፦ 150 ሲሲ ሞተር አለኝ፤ ጅማና አጋሮ እየተመላለስኩ እሠራበታለሁ። ከወር በፊት ሊቲየም ባትሪ አስገባሁ። ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ሳስረዝመው ግን የፊት መብራቱ ድንገት ቦግ ይላል፤ የዳሽቦርዱ ቁጥር ጠፍቶ ይመለሳል። ሁለት አምፖል ተቃጥሎብኛል። አንዱ መካኒክ ባትሪው ፎርጅድ ነው አለኝ፤ ሌላው ሬጉሌተር ቀይር አለኝ። የድሮው ባትሪ በየ15 ቀኑ ውሃ ከመጠጣቱ በቀር ችግር አልነበረበትም። ማንን ልመን? (ከቆጪ፣ ጅማ)

መልስ፦ ሁለተኛው መካኒክ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ግን ገንዘብዎን ገና አያውጡ። ምርመራውን እርስዎ ራስዎ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ጽፈውታል። ሬጉሌተሩ ጤነኛ የሆነ ሞተር ላይ የአሲድ ባትሪ በየ15 ቀኑ ውሃ አይጠጣም። ውሃ የሚጠጣው ከልክ በላይ ሲሞላ ነው፤ ትርፉ ኃይል ውሃውን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፣ ጋዙ በመተንፈሻው ይወጣል፣ ባለቤቱም የባትሪ ውሃ እየገዛ ይሞላል። የአሲዱ ባትሪ የሬጉሌተሩን ጥፋት እየፈላ ሲሸፍንለት ኖሯል ማለት ነው። ሊቲየሙ የሚያፈላው ውሃ ስለሌለው መሸፈን አይችልም።

ለሞተር የሚሸጠው ሊቲየም ባትሪ፣ ማለትም ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ 4 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው። የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልት 3.2፣ ሲሞላ መታለፍ የሌለበት ጣሪያ ደግሞ 3.65 ነው። በ4 ሲባዛ 12.8 እና 14.6 ቮልት ይመጣል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ባትሪው ውስጥ ያለው ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ ቦርድ የመሙያውን በር ይዘጋል። ያን ጊዜ ባትሪው መስጠት እንጂ መቀበል አይችልም። የማግኔቱ ኮይል የሚያመነጨው ኃይል የሚውጠው አጥቶ ቮልቱ ባንድ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል፤ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ዳሽቦርዱ ይደነብራል፣ አምፖል ይበጠሳል። በዚህ ከቀጠለ ቀጣዩ ተረኛ ሲዲአዩ፣ ማለትም የካንዴላውን እሳት የሚያዘው ሳጥን፣ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ አምፖል በሳንቲም አይገዛም። ቢኤምኤስ የሌላቸው ርካሽ ባትሪዎችም አሉ። እነዚያ በሩን ስለማይዘጉ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ያብጣሉ፤ ስለዚህ የእርስዎ ባትሪ በመጮሁ ሊያመሰግኑት ይገባል።

አሁን ይለኩ። ከሁሉ በፊት የቴስተሩን የራሱን ባትሪ አዲስ ያድርጉ። ርካሽ ቴስተር 9 ቮልቷ ሲደክም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ጤነኛ ሬጉሌተር ሊጣል ይችላል። ቴስተሩን ዲሲ 20 ላይ አድርገው ጫፎቹን በባትሪው በራሱ ምሰሶ ላይ ያሳርፉ። በሽቦው ጫፍ ላይ ወይም በቡሎኑ ላይ አይለኩ፤ የላላ ግንኙነት ካለ ይደብቅብዎታል።

ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ የሞላ ሊቲየም ከ13.2 እስከ 13.4 ያሳያል። ቀጥሎ አስነስተው በሚኒሞ፣ ከዚያ በመካከለኛ ነዳጅ፣ ከዚያም አጋሮ መንገድ ላይ በሚሄዱበት ልክ ነዳጅ ሰጥተው ይለኩ፤ አንድ ጊዜ መብራት አብርተው፣ አንድ ጊዜ አጥፍተው። ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ሬጉሌተርዎ ለሊቲየም ተስማሚ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን። 14.6 የመጨረሻው ድንበር ነው። 14.8 ወይም 15 ካዩ ሊቲየሙን በዚያ መስመር ላይ አያቆዩት። በተቃራኒው ነዳጅ ተሰጥቶትም ከ13.4 የማያልፍ ከሆነ ባትሪው አይሞላም። የአሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 አካባቢ ስለሚቆም 13.4 ይበቃው ይሆናል፤ ሊቲየሙ ግን ራሱ 13.3 ላይ የሚያርፍ ስለሆነ 13.4 ለእሱ ምንም ማለት አይደለም።

ይህንኑ ልኬት 30 ደቂቃ ያህል ነድተው ሬጉሌተሩ ከጋለ በኋላ ይድገሙት። ብርድ ሆኖ 14.3 የሚል ሬጉሌተር ሲግል 15.2 ሊል ይችላል። የእርስዎ ሞተር ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ረጅም መንገድ ላይ የሚያብደው ከፍጥነቱ በተጨማሪ በዚህም ሊሆን ስለሚችል ጋራዥ በር ላይ ቆሞ የተለካ ቁጥር አይበቃዎትም።

ቮልቱ ከበዛ ሬጉሌተሩን ከመክሰስዎ በፊት ሽቦዎቹን ይቁጠሩ። ከወፍራሞቹ ሌላ አንዲት ቀጭን ሽቦ ካለች የማንበቢያ ሽቦ ልትሆን ትችላለች። ሬጉሌተሩ ቮልት ስንት ደረሰ ብሎ የሚጠይቀው በእሷ በኩል ነው፤ ብዙ ጊዜም በቁልፉ አልፋ ትመጣለች። የቁልፉ ውስጥ ከቆሸሸና 0.5 ቮልት እዚያ ከጠፋ፣ 14.4 ላይ የተሠራው ሬጉሌተር 13.9 ብቻ የደረሰ መስሎት ባትሪውን ወደ 14.9 ይገፋዋል። ሬጉሌተሩ ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ ጥፋተኛው ቁልፉ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ሬጉሌተር ቢቀያይሩም ቁጥሩ ያው ነው።

ለማረጋገጥ ቁልፉን ከፍተው የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በዚያች ቀጭን ሽቦ ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ቁልፉንና በመካከል ያሉትን ሶኬቶች ያጽዱ። ካልተሻለው አንድ ተራ ባለ 4 እግር ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ይበቃል። እግር 30ን በ5 አምፔር ፊውዝ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ 87ን ከማንበቢያዋ ሽቦ፣ 86ን በቁልፍ ከሚበራው መስመር፣ 85ን ከማሳ (ከሻሲው ብረት) ጋር ያገናኙ። ቁልፉ አሁን የሚያዘው ሪሌዩን ብቻ ነው፤ ሬጉሌተሩ ቮልቱን በቀጥታ ከባትሪው ያነባል። ማንበቢያዋን ያለ ሪሌይ በቀጥታ ባትሪው ላይ ማሠር ይቀላል፤ ነገር ግን ሞተሩ ቆሞም እየጠጣች ባትሪውን ታደክመዋለች።

የወፍራሙ ቀይ ሽቦና የማሳው ነገር ደግሞ ተቃራኒ ነው። እነሱ ሲዝጉ ባትሪው ያንስበታል እንጂ አይበዛበትም። ሞተሩ እየሠራ በሬጉሌተሩ ቀይና በባትሪው ፖዘቲቭ መካከል፣ እንዲሁም በሬጉሌተሩ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ይለኩ። ሁለቱም ከ0.2 በታች መሆን አለባቸው።

ማንበቢያ ሽቦ ከሌለ፣ ወይም ኖራም ንጹሕ ከሆነችና ቮልቱ አሁንም ከ14.6 ካለፈ፣ ያን ጊዜ ሬጉሌተሩ ይቀየራል። እስኪቀየር ድረስ የድሮውን የአሲድ ባትሪ መልሰው ይንዱ።

ጥያቄ፦ መለዋወጫ ሱቅ ስሄድ ሁሉም ‘ለሊቲየም ይሆናል’ ይሉኛል። ሶኬቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ዋጋው ግን እጥፍ ድርብ ይለያያል። ምን አይቼ ልግዛ? (ከሄርማታ መርካቶ፣ ጅማ)

መልስ፦ ‘ለሊቲየም’ የሚለውን ተለጣፊ ትተው ቁጥር ይፈልጉ። ሳጥኑ ላይ ወይም ከውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ሬጉሌተሩ የሚቆምበት ቮልትና መዛነፊያው ከተጻፈ ዋናው ነገር እሱ ነው። 14.3 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.2 ካለ ከፍተኛው 14.5 ነው፤ ይግዙት። 14.5 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.5 ካለ ግን 15 ሊደርስ ይችላል ማለት ነው፤ ያ የአሲድ ባትሪ ሬጉሌተር ነው። ምንም ቁጥር የሌለውን በልኬት እንጂ በእምነት አይገዙትም።

ቀጥሎ ሽቦው። ባለ 4 ሽቦው በትንንሽ ሞተሮች ላይ የሚገኝ ነጠላ ፌዝ (ኮይሉ አንድ የኤሌክትሪክ ሞገድ ብቻ የሚያመነጭበት) ነው። ሦስት አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሽቦዎች (ብዙ ጊዜ ቢጫ) ከቀይና ከማሳ ጋር ካሉ ባለ 3 ፌዝ ነው፤ ማንበቢያ ሲጨመር 6 ይሆናል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ደግሞ አይታለሉ፤ ባለ 4 እግር ሶኬቶች ቅርጻቸው አንድ ሆኖ የእግሮቹ ቅደም ተከተል ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያል። ቀይ በሚገባበት ማሳ ከገባ ቢቀናዎት ፊውዝ፣ ባይቀናዎት አዲሱ ሬጉሌተር ይቃጠላል። ሳይሰኩ በፊት በሞተሩ በኩል ባለው ሶኬት የባትሪ መስመር የሆነውን 12 ቮልት እግር፣ ከሻሲው ጋር ዜሮ ኦም የሚያሳየውን ማሳ፣ የቀሩትን ደግሞ የኮይል መስመሮች ብለው ይለዩ። ቀለም ይረዳል፤ ግን አንዴ ሽቦ የቀጣጠለ ሞተር ላይ ቀለም ምስክር አይሆንም።

የአምፔር ልክም አለ። የማግኔት ኮይሉ 120 ዋት ቢያወጣ በ14 ቮልት ሲካፈል 8.5 አምፔር አካባቢ ነው፤ ሬጉሌተሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተኩል ያህሉን የሚችል ይሁን። ከዚያ በላይ ትልቅ መግዛት አይጎዳም። ትንሽ መግዛት ግን ሙቀት መግዛት ነው።

ስለ አሠራሩ ከጠየቁ፣ አብዛኛው የገበያው ሬጉሌተር ሻንት የሚባለው ነው። ቮልቱ ሲሞላ የኮይሉን መስመሮች ከማሳ ጋር አገናኝቶ ትርፉን ኃይል በራሱና በኮይሉ ውስጥ ሙቀት አድርጎ ይጨርሰዋል። ታይሪስተርና ሞስፌት ሁለት ዓይነት የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። ይህን በታይሪስተር የሚሠራው በጣም ይግላል፤ በሞስፌት የሚሠራው ሲያልፍ የሚያጠፋው ቮልት በጣም ትንሽ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ሲሪስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ መስመሩን ከማሳ ጋር አያገናኝም፤ ይቆርጠዋል። ኮይሉ ያርፋል፣ አይቃጠልም። ጉድለቱ መስመሩ በተቆረጠበት ቅጽበት የኮይሉ ባዶ ቮልት ከፍ ማለቱ ነው፤ ቫርኒሹ ያረጀ ወይም በእጅ የተጠመጠመ ኮይል ላይ ይህ ለመከላከያው ሽፋን ፈተና ነው። በትልልቅ ባለ 3 ፌዝ ሞተሮች ዘንድ የታወቁት የጃፓኑ ሽንደንገን ሥራዎች ናቸው፤ ኤፍኤች020ኤኤ የሞስፌት ሻንት፣ ኤስኤች847 ደግሞ ሲሪስ። ለ150 ሲሲ ሞተር እነዚህን ማሳደድ አያስፈልግም። ስማቸው በሐሰት የሚታተምባቸው ስለሆኑም ሳጥኑን ብቻ አይተው ገንዘብ አይክፈሉ።

ሱቅ ላይ በቴስተር ማየት የሚቻለው ጥቂት ነው። ባለ 3 ፌዙን ሻንት በቴስተሩ የዳዮድ መለኪያ (ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው) ከእያንዳንዱ የኮይል እግር ወደ ቀዩ ሲሞክሩት በአንድ አቅጣጫ ከ0.4 እስከ 0.7፣ በሌላው ምንም ማሳየት የለበትም። ሦስቱም ተቀራራቢ ይሁኑ። በባለ 4 ሽቦው ላይ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ በመንገዱ ላይ ታይሪስተር ስላለ ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። ቮልቱን በየት ላይ እንደሚያቆም ግን የትኛውም የሱቅ ሙከራ አይነግርዎትም። ስለዚህ ከባለሱቁ ጋር እንዲመለስ ተስማምተው ይግዙ፤ መጀመሪያ በአሲዱ ባትሪ ላይ ገጥመው 30 ደቂቃ ይንዱ፤ ከላይ እንደተባለው ይለኩ። ሊቲየሙ የሚገባው ቁጥሩን ካዩ በኋላ ነው። ሱቁ ላይመልስልዎት ይችላል፤ ቢሆንም የሬጉሌተር ኪሳራ ከሊቲየም ባትሪ ኪሳራ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ለመስክ ሥራ የምጠቀምባት 125 ሲሲ አሮጌ ሞተር አለችኝ፤ ሬጉሌተሯ ባለ 4 ሽቦ ነው። የፊት መብራቷ በሚኒሞ ይደክማል፣ ነዳጅ ስሰጣት ይደምቃል። ሊቲየም አስገብቼ ስልክና ጂፒኤስ ስሞላ ባትሪው አይደርስም። ሙሉ ሞገድ ሬጉሌተር ብታስገባ ይሻልሃል ተባልኩ። አስገባሁና በአንድ ቀን ተቃጠለ። (ከሰቃ ጨቆርሳ)

መልስ፦ ሬጉሌተሩ የተቃጠለው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ኮይሉ ስላልተዘጋጀለት ነው። የእርስዎ ሞተር ግማሽ ሞገድ ነው። የማግኔት ኮይሉ አንድ ጫፍ በውስጥ ከብረቱ ጋር ተበይዶ ማሳ ሆኗል። ከመካከሉ የወጣው ሽቦ (ብዙ ጊዜ ቢጫ) የፊት መብራቱን በቀጥታ በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ያበራል፤ ከጫፉ የወጣው (ብዙ ጊዜ ነጭ) በሬጉሌተሩ አልፎ ባትሪውን ይሞላል፣ ያውም በግማሹ ሞገድ ብቻ። መብራትዎ ከነዳጁ ጋር የሚደክምና የሚደምቀው ለዚህ ነው። ሙሉ ሞገድ ሬጉሌተር ሁለቱንም የኮይል ጫፎች ነጻ ሆነው ይፈልጋል። አንዱ ጫፍ ማሳ እንደሆነ ሲሰኩት በአንደኛው ግማሽ ሞገድ ውስጡ ያለው ዳዮድ ከማሳ ጋር አጭር ዙር ይሠራል። አንድ ቀን መቆየቱም ጥሩ ነው።

ማስተካከል ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ርካሹን መንገድ ያስቡ። ስልክና ጂፒኤስ በ5 ቮልት ቻርጀር ሁለቱ ተደምረው ከ20 ዋት ብዙም አያልፉም። ከባትሪው የሚበሩትን የኋላ መብራት፣ ፍሬቻና የፍሬን አምፖሎች ወደ ኤልኢዲ ቢቀይሩ ከዚህ ውስጥ ጥሩ ድርሻ ያተርፋሉ፤ ለብዙ ሰው ይህ ይበቃዋል። ካልበቃዎት የግራውን የሞተር ክዳን ማስከፈት ነው። ዘይት ሊወጣ ስለሚችል ዕቃ ያዘጋጁ፤ አዲስ ጓርኒሲዮንም ይግዙ።

ኮይሉ ከወጣ በኋላ ከብረቱ ጋር የተበየደውን ጫፍ ይፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ የሲዲአዩ መመገቢያ ኮይል ማሳም እዚያው ነጥብ ላይ ተበይዷል። እሱ ማሳ ሆኖ መቅረት አለበት፤ አብሮ ከተነሣ ሞተሩ አይነሣም። የሚነሣው የመብራቱና የመሙያው ኮይል ጫፍ ብቻ ነው። በዚያ ጫፍ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ፣ ሙቀትና ዘይት የሚችል ሽፋን ያለው ሽቦ በይደው ሙቀት በሚችል ቱቦ ሸፍነው ከነባሮቹ ሽቦዎች ጋር ያውጡት። የተራ ቤት ሽቦ ከዘይቱ ጋር ጥቂት ወር አይቆይም። ክዳኑ ሳይዘጋ ከአዲሱ ሽቦ ወደ ኮይሉ ብረት በኦም ይለኩ፤ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም።

አዲሱ ሽቦና ነጩ ወደ ሙሉ ሞገድ ሬጉሌተሩ ሁለት የኤሲ እግሮች ይገባሉ። ቢጫው በሁለቱም በኩል ተቆርጦ ይሸፈን፤ የመብራቱ መስመር ከእሱ ጋር ተያይዞ ከቀረ አምፖሉ ማሳ ስላለው ያው አጭር ዙር በሌላ በር ይመለሳል። የፊት መብራቱ ከአሁን ጀምሮ በቁልፍ ከሚበራ መስመር፣ በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል፣ ከባትሪው ይመገባል። 35 ዋት አምፖል ብቻውን 2.5 አምፔር ስለሚወስድ ኤልኢዲ ማድረጉ እዚህም ይጠቅማል። በሬጉሌተሩ ቀይና በባትሪው መካከል፣ ወደ ባትሪው በሚቀርበው ጫፍ፣ 15 አምፔር ፊውዝ ይኑር። ከዚያ የመጀመሪያውን መልስ ልኬት በሙሉ ይድገሙት።

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ ከላፕቶፕ ባትሪ የወጡ ክብ ሴሎችን አያይዞ ለሞተር የሚሆን 12 ቮልት ሊቲየም በርካሽ ይሠራል። ምን ትላላችሁ? (ከአጂፕ፣ ጅማ)

መልስ፦ አይግዙ። የላፕቶፕ ሴል ሌላ ዓይነት ሊቲየም ነው፤ ጣሪያው 4.2 ቮልት ነው። ሦስት ሆነው ሲያያዙ ሞልተው 12.6 ይሆናሉ። ጤነኛ የተባለው ሬጉሌተር 14.4 ሲሰጣቸው ለእያንዳንዱ 4.8 ይደርሰዋል፤ በዚህ ልክ ሴሉ ይግላል፣ ይተነፍሳል፣ ይቀጣጠላል፤ ያውም ከነዳጅ ታንከሩ ሥር። የትኛውም የሬጉሌተር ምርጫ ይህን አያድነውም። ሲገዙ ጽሑፉን ይዩ፦ ለሞተር የሚሆነው 12.8 ቮልት ይላል፤ 11.1 ወይም 10.8 የሚል ከሆነ ይመልሱት። አስቀድመው አስገብተው ከሆነ ዛሬውኑ ያውጡት። እየሄዱ ከወንበሩ ሥር ጭስ ወይም ጣፋጭ የሚመስል የኬሚካል ሽታ ከመጣ ሞተሩን አጥፍተው ይራቁ፤ ከርቀት ማጥፋት ከተቻለ ብዙ ውሃ ነው፣ ጥቂት ውሃ ግን አያቆመውም።

ጥያቄ፦ ሞተሬ አላርም አላት። በሥራ ምክንያት ሁለት ሳምንት ሳላስነሣት ስመለስ ሊቲየሙ ሙት ነው፤ ሞተሪኖው ጭራሽ አይዞርም። ባትሪ ቤት አስሞላሁት፤ ከዚያ ወዲህ አቅሙ ወረደ። ሬጉሌተሩ ይሆን? (ከሊሙ ገነት)

መልስ፦ ሬጉሌተሩ ጥቂት ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ዋናው ግን አላርሙና የባትሪ ቤቱ ቻርጀር ናቸው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ አላርም 20 ሚሊ አምፔር ቢጠጣ በ24 ሰዓት 0.48 አምፔር ሰዓት ያህል ይወስዳል። የእርስዎ ባትሪ ላይ 12 አምፔር ሰዓት ተጽፎ ይሆናል፤ ከጎኑ ‘ከአሲድ ጋር አቻ’ የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ካለ ግን እውነተኛው አቅም ብዙ ጊዜ ሲሶው፣ ማለትም 4 አካባቢ ነው። 4ን ለ0.48 ሲያካፍሉ 8 ቀን ይመጣል። ሁለት ሳምንት አልደረሰም።

ማን እንደሚጠጣ ለማወቅ ቁልፉን ዘግተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፤ ቴስተሩን መጀመሪያ 10 አምፔር ላይ፣ ትንሽ መሆኑን ካዩ በኋላ ሚሊ አምፔር ላይ አድርገው በኔጌቲቭ ምሰሶውና በተፈታው ሽቦ መካከል ያስገቡ። አላርሙን ሲነቅሉ ቁጥሩ ከወረደ አገኙት። ካልወረደ ሬጉሌተሩን ይንቀሉ፤ ያረጀ ዳዮድ ወደ ኋላ ሲያፈስ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ አምፔር በላይ የሚያፈስ ሬጉሌተር ቮልቱ ጥሩ ቢሆንም ለሊቲየም አይመችም። ረጅም ጊዜ ሲቆም ኔጌቲቩን መፍታት ከሁሉ ይበልጣል፤ ባትሪው ግማሽ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ሞልቶ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

ባትሪ ቤት ያሉት አሮጌ ባለ ትራንስፎርመር ቻርጀሮች የሚቆሙበት ልክ የላቸውም፤ ለአሲድ የመኪና ባትሪ የተሠሩ ናቸው፣ ቮልታቸው 16 ሊደርስ ይችላል። ዘመናዊዎቹም ቢሆኑ ሰልፌት ማጽጃ የሚባለው ሥርዓታቸው ሲበራ ከ15 ያልፋሉ። ለሊቲየም 14.4 ወይም 14.6 ላይ የሚያቆም ቻርጀር ብቻ። ቮልቱ ከ10 በታች የወረደ ሊቲየም ደግሞ በከፍተኛ አምፔር አይሞላም፤ በ0.5 አምፔር አካባቢ ቀስ ብሎ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይጀመር። ከ8 ቮልት በታች ለቀናት ከቆየ ግን ማስነሣቱ ይቅር፤ ውስጡ ተጎድቷል፣ ሲሞላ ሊግል ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም መብራት ኤልኢዲ አደረግሁ፤ አሁን ሬጉሌተሩ እጅ አያስነካም። ጭነት ቀንሼ እንዴት ሙቀት ጨመረ? (ከዴዶ)

መልስ፦ ሬጉሌተርዎ ሻንት ስለሆነ ነው። ኮይሉ የሚያመነጨው ኃይል መብራት ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው፤ አምፖሎቹ ይወስዱት የነበረውን አሁን ሬጉሌተሩ ወደ ማሳ እያፈሰሰ በሙቀት ይጨርሰዋል። የጋለ ሬጉሌተር ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ግሎም ቮልቱን ከ13.8 እስከ 14.4 ከያዘ ሥራውን እየሠራ ነው።

ይልቅ አየር ይስጡት። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የዴዶ መንገድ ቀይ ጭቃ በሬጉሌተሩ ክንፎች መካከል ገብቶ ሲደርቅ እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ በብሩሽና በውሃ ያስለቅቁት፣ ነገር ግን ገና ትኩስ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ አይድፉበት። ከዝናብ ለመከላከል በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሬጉሌተር ካለ ፕላስቲኩ ይነሣ፤ አካሉ በሙጫ የተሞላ ስለሆነ ዝናቡን አይፈራም፣ የሚፈራው ሶኬቱ ነው። የሚያርፍበትን ብረት ከቀለም አጽድተው በመካከሉ ስስ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ቢያደርጉ ሙቀቱ ወደ ሻሲው ይሄዳል።

ከዚያ ሶኬቱን ነቅለው ውስጡን ይዩ። ቢጫዎቹ ሽቦዎች የሚገቡበት ፕላስቲክ ቡናማ ከሆነ ወይም ከቀለጠ እግሩ ልል ሆኖ እዚያ እየጋለ ነው፤ አዲስ ሬጉሌተር በዚያው ሶኬት ቢሰኩ በተራው ይቃጠላል። ሶኬቱ በሁለቱም በኩል፣ የወንዱም የሴቱም፣ በአንድነት ይቀየር፤ ሽቦው በሚገባ ተጨምቆ ይያዝ፣ ከተሰካ በኋላም ውሃ እንዳይገባው የኤሌክትሪክ ቅባት ይቀባ።